አጥቢያ ኮከብ ሰዓት አይደለችም

ወጣት ነርስ ሳለሁ ነው። አንዲት ወላድ በቃሬዛ ከራያ ቆላ ወደምሠራበት ጤና ጣቢያ መጣች። «ምጡ መቼ ጀመራት?» ብዬ አማቷን ጠየቅኳቸው። «አጥቢያ ኮከብ ስትወጣ» አሉኝ። እኔም ጎህ ሊቀድ ሲል መስሎኝ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ብዬ መዘገብኩ። ዘግይቶ የደረሰው ባሏ ግን ሰዓት አስሮ ነበርና «9 ሰዓት ላይ ነው» አለኝ። ለካ በዚያ ሰሞን ኮከቧ የምትወጣው በ9 ሰዓት ኖሯል! በዚህ የተነሳ ወደ ሆስፒታል የላክኋት ዘግይቼ ነው። ተመስገን፣ እናትም ልጅም ተረፉ። ስህተቱ የኔ ነበርና እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ዛሬ በጡረታ ጎብዬ ተቀምጬ ይህንኑ ለልጅ ልጆቼ አስተምራለሁ። አጥቢያ ኮከብ የምንላት ቬነስ የተባለች ፕላኔት ናት። እንደኛዋ ምድር ፀሐይን ስለምትዞር የምትወጣበት ሰዓት ይለዋወጣል። ስምንት ወር ያህል ማለዳ በምሥራቅ ትታያለች፤ ከዚያ ለሳምንታት ተሰውራ ማምሻውን በምዕራብ ብቅ ትላለች። በእኩለ ሌሊት ግን ከቶ አትታይም።

ፕላኔትን ከኮከብ ለመለየት ሁለት ነገር ይያዙ። ኮከብ ይርገበገባል፤ ፕላኔት ግን ብርሃኗ የረጋ ነው። ደግሞም ፕላኔቶች የሚገኙት ፀሐይና ጨረቃ በሚሄዱበት መስመር ላይ ነው።

በ2019 ዓ.ም. እንዲህ ይፈልጉ፦

በመስከረምና በጥቅምት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ በምሥራቅ በኩል ፈዘዝ ያለ ቢጫ ብርሃን ያላት ሳተርን ናት። ቀለበቷ ያለ ቴሌስኮፕ አይታይም።

ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ጎህ ሳይቀድ በምሥራቅ ከሁሉ ደምቃ የምትታየው ቬነስ ናት።

በየካቲት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ጁፒተርና ማርስ ሁለቱም በምሥራቅ ይታያሉ። ደማቋ ጁፒተር፣ ቀላ ያለችው ማርስ ናት። መነጽር (ባይናኩላር) ያለው ሰው ክንዱን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ጁፒተርን ቢመለከት፣ በአጠገቧ እንደ ነጥብ የተደረደሩ ጨረቃዎቿን ያያል።

ያለ ነርስነቴ ምክር አልለያችሁም። መስከረምና ጥቅምት በቆላችን የወባ ወቅት ነው፤ ልጆቹን እጅጌው ረጅም ልብስ አልብሷቸው፤ ሲተኙም አጎበር ውስጥ ይግቡ። ጊንጥ አለና በባዶ እግር አይውጡ። ማለዳ ቬነስን ስታዩ ፀሐይ ሳትወጣ መነጽሩን አስቀምጡ። ፀሐይን በመነጽር ያየ ዓይን ሳያመው ሊጠፋ ይችላል።

ባለፈው ሰሞን ትንሿ የልጅ ልጄ «አያቴ፣ ታዲያ ምጥ ሲጀምር በምን ይታወቃል?» አለችኝ። «በእጅ ሰዓት፣ ልጄ» አልኳት። «አጥቢያ ኮከብን ለማየት ብቻ እንነሳለን።»