ምሰሶ ያጣች ድመት

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚለው ተረት ለሰው የተተረተ ቢሆንም ስለ ድመቷም ሐሰት አይናገርም። ጥፍር ያላት ድመት ሁሉ ትቧጭራለች፤ ዱላም ሆነ ቁጣ ይህን አመል አያስጥላትም። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደግሞ የድመት አመል ኪሳራው ከበድ ይላል። ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር በሚደርሰውና ከዚያም በሚያልፈው ደጋ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ቤተሰቡ ብርዱን የሚያሳልፈው ከመንዝ በግ ጠጉር ተፈትሎ በተሠራ ባናና ዝተት ነው። በጎተራው ገብስ፣ ወደ መርሐቤቴ ዝቅ ሲባልም ጤፍና ማሽላ አለ። እህል ካለ አይጥ አይጠፋም፤ አይጥ ካለ ድመት ትፈለጋለች። እናም እህል የምታድነው ድመትና ብዙ የተደከመበት ባና በአንድ ጣሪያ ሥር ለመኖር ይገደዳሉ። ሌሊቱን ጎተራ ስትጠብቅ ያደረችው ድመት ጠዋት የባናውን ጠርዝ ስትተለትል ትገኛለች፤ ያን ጊዜ የሌሊቱ ውለታዋ ይረሳና ጥፋቷ ብቻ ይታያል። ይሁንና መቧጨር ለድመት የማይቀር ሥራ ነው፤ ጥፋት የሚሆነው የምትሠራበትን ቦታ ስናሳጣት ነው። ስለዚህ መፍትሔው ድመቷን ከመቅጣት ይልቅ ቤቱን ከማስተካከል ይጀምራል።

ብዙ ሰው ድመት የምትቧጭረው ጥፍሯን ለመሳል ነው ይላል። እውነት አለው፤ አሳሳሏ ግን ቢላዋ እንደሚሞረደው አይደለም። የድመት ጥፍር በንብርብር ያድጋል። ላይኛው ንብርብር ሲያረጅና ሲደንዝ ከሥሩ አዲስና ሹል ጥፍር ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ አሮጌው ልባስ የሚወልቀው ድመቷ ጥፍሯን ሸካራ ነገር ላይ ሰክታ ወደ ታች ስትጎትት ነው። ድመት ከምታዘወትረው ምሰሶ ሥር ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው ማስረጃውን እዚያው ያገኘዋል፦ እንደ ማጭድ የጎበጡ፣ ውስጣቸው ባዶ የሆነ፣ ስስና ነጣ ያሉ ቅርፊቶች ወድቀው ይታያሉ። የማያውቅ ሰው ጥፍሯ የተነቀለ መስሎት ሊደነግጥ ይችላል፤ የወለቀው ግን አሮጌው ልባስ ብቻ ነው። አብዛኞቹ ድመቶች በፊት እግሮቻቸው አምስት አምስት፣ በኋላዎቹ አራት አራት፣ በድምሩ 18 ጥፍሮች አሏቸው። የፊቶቹን በመቧጨር፣ የኋላዎቹን ደግሞ በጥርሳቸው እየነከሱ ያድሷቸዋል። አይጥ የሚያዘው፣ ከውሻ ሸሽቶ ዛፍ ላይ የሚወጣውም በእነዚሁ ጥፍሮች ነውና እድሳቱ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ጥፍር ማደስ ግን ከምክንያቶቹ አንዱ ብቻ ነው። በድመት ጣቶች መካከል ሽታ የሚያመነጩ ዕጢዎች አሉ። ስትቧጭር በአንድ ጊዜ ሁለት ምልክት ትተዋለች፤ አንዱ በዐይን የሚታየው ጭረት ነው፣ ሌላው የሰው አፍንጫ የማይለየው የድመት አፍንጫ ግን የሚያነበው ሽታ። ሽታው እየደበዘዘ ስለሚሄድ በየጊዜው መታደስ አለበት፤ ድመት አንዴ የለመደችውን ቦታ ደጋግማ የምትቧጭረው በዚህ የተነሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የዘረመል ጥናት የዛሬዋ ለማዳ ድመት ዘሯ በሰሜን አፍሪካና በቅርብ ምሥራቅ ከሚኖረው የዱር ድመት እንደሚመዘዝ አሳይቷል። ያ የዱር ድመት ብቻውን የሚያድን፣ ግዛቱን በዛፍ ግንድ ላይ በጥፍሩና በሽታው የሚያስታውቅ እንስሳ ነው። ሦስተኛው ምክንያት ደግሞ መንጠራራት ነው። ድመት ከእንቅልፏ ስትነቃ የፊት እግሮቿን ዘርግታ፣ ጥፍሯን የሆነ ነገር ላይ ተክላ የትከሻዋንና የጀርባዋን ጡንቻ ታፍታታለች። ሦስቱ ምክንያቶች ሲደመሩ የት እንደምትቧጭር አስቀድሞ መገመት ይቻላል፦ ከምትተኛበት አጠገብ፣ ከበር አካባቢ፣ ቤተሰቡ ከሚመላለስበት መተላለፊያ።

እ.ኤ.አ. በ2016 ከ4,000 በላይ የድመት ባለቤቶች የሰጡትን ምላሽ የመረመረ ጥናት ታትሞ ነበር። ድመቶች በብዛት የተጠቀሙት ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ቁመቱ 90 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ግንድ ነበር፤ ከመሸፈኛዎቹም የገመድ ጥምጥም ይበልጥ ተወዷል። ይህን ውጤት ይዞ አንድ የገጠር ቤት ውስጥ ለገባ ሰው ምሰሶው ወዲያው ዐይኑን ይስበዋል። ምሰሶ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ድመቷ በሙሉ ቁመቷ ብትንጠለጠልበትም አይነቃነቅም፤ ከመደቡና ከምድጃው ስለማይርቅ መኝታዋም መተላለፊያውም አጠገቡ ነው። እንጨቱ ጥፍር ይይዛል፣ ሽታ ያስቀራል። ድመት ምሰሶ ቧጠጠች ብሎ የሚቆጣ ሰውም የለም። እንግዲህ አያቶቻችን ሳያስቡት ለድመት የሚሆን መቧጨሪያ ቤታቸው መሐል አቁመው ነበር ማለት ነው። በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ ወይም በዓለም ከተማ የሚሠራው አዲሱ ቤት ግን ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ልስን፣ በሩ ብረት ነው። የደብረ ብርሃንና የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየምም ከዚህ አይለይም። እዚያ ቤት ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ የማይነቃነቅ፣ ጥፍር የሚይዝ ነገር ቢፈለግ የሚገኘው የሶፋው ጎንና መጋረጃው ብቻ ነው። ድመቷ ሶፋውን የምትቦጭቀው በክፋት አይደለም፤ ከቀረላት ነገር ሁሉ ለምሰሶ የሚቀርበው እሱ ስለሆነ ነው።

«ምሰሶ ባለበት ቤትስ ባናውን ለምን ትበጣጥሳለች?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም፤ ተገቢም ነው። መልሱ ቅርበት ነው። ድመት የምትተኛው ሙቀት ባለበት ነው፤ በደጋ ቤት ውስጥ ደግሞ ከባናና ከዝተት የሚሞቅ ነገር የለም። ከእንቅልፏ ስትነቃ ለመንጠራራት ሦስት እርምጃ ወደ ምሰሶው አትሄድም፤ እግሯ ሥር ያለውን ትይዛለች። የተፈተለ የበግ ጠጉር ሸካራና ወፍራም ስለሆነ ጥፍር ይሰካበታል፣ ሽታም ይይዛል። አንዳንድ ድመቶች ደግሞ ከቆመ ነገር ይልቅ የተዘረጋውን ይመርጣሉ። ስለዚህ መፍትሔው ሁለት እጅ አለው። ባናው ቀን ቀን ተጣጥፎ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ፤ በሱ ፈንታ ድመቷ ከምትነቃበት ቦታ አጠገብ የቃጫ ገመድ የተጠመጠመበት የባሕር ዛፍ ግንድ ይቁም፤ የተዘረጋ ለምትወደውም አሮጌ ጆንያ በሳንቃ ላይ ተወጥሮ ይመታላት። በውጭ አገር ሱቆች የሚሸጠው የድመት መቧጨሪያ የሚጠመጠመውም በዚሁ በቃጫ ነው። የመንዝ ሰው በባህላዊ ሥርዓቱ ለዘመናት ሲጠብቀው ከኖረው ከጓሳ መስክ የሚታጨደው ሣር ቤት ከመክደን አልፎ ገመድም ይገመድበታልና እሱም ይሠራል። አሮጌ የዝተት ቁራጭ ግን ባይደረግ ይሻላል፤ የተፈቀደውና የተከለከለው አንድ ዓይነት ከሆነ ድመቷ በምን ትለያቸዋለች?

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዱላ ወገን ይመጣል። ድመቷ ስትመታ ትሮጣለች፤ ለጊዜው መቧጨሯም ይቆማል፤ ታዲያ አልሠራም ወይ? የሠራው ፍርሃቱ ነው። ድመት ቅጣትን የምታያይዘው በዚያች ቅጽበት ካየችውና ከሰማችው ጋር ነው፤ ያም ብዙ ጊዜ የመታት ሰው ነው። ስለዚህ የምትማረው ሰው እያለ አለመቧጨርን ነው፤ ሰው ሲወጣ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ከሰዓታት በኋላ ወደ ተቀደደው ባና ጎትቶ መምታትማ ምንም አያስተምራትም። ይባስ ብሎ ጭንቀት ራሱ መቧጨርን ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2024 በፈረንሳይ ከ1,200 በላይ የድመት ባለቤቶችን ያካተተ ጥናት በማይፈለግ ቦታ መቧጨር ከድመቷ ጭንቀት፣ በቤት ውስጥ ሕፃናት ከመኖራቸውና ከሌሊት እንቅስቃሴዋ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ግዛቷ የተደፈረ የመሰላት ድመት ምልክቷን ታበዛለችና በዱላ የተጀመረው ትምህርት መጨረሻው ብዙ ጭረት ነው። የተሻለው መንገድ ግንዱን ስትነካ ወዲያውኑ፣ በሴኮንዶች ውስጥ፣ ትንሽ ቁራጭ ሥጋ መስጠት ነው። ሌላም አደጋ አለ፤ የተደበደበች ድመት ልጅ ትነክሳለች፣ ትቧጭራለች። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ዛሬም ሰው የሚገድል ስለሆነና በድመትም ስለሚተላለፍ ቁስሉን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

በሌላው ዓለም ነገሩን ከሥሩ ለመጨረስ የሞከሩም አሉ፤ የድመቷን ጥፍር በቀዶ ሕክምና ማስወጣት። የሚቆረጠው ግን ጥፍሩ ብቻ አይደለም፤ ጥፍሩ የበቀለበት የጣቱ የመጨረሻ አጥንት አብሮ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት በዚህ መንገድ ጥፍር የተነቀሉ ድመቶች ከሌሎቹ ይልቅ የጀርባ ሕመም እንደሚበዛባቸው፣ ይበልጥ እንደሚናከሱና ከቦታው ውጭ እንደሚጸዳዱ አሳይቷል። ብዙ የአውሮፓ አገሮች ድርጊቱን ከልክለዋል፤ ከአሜሪካ ግዛቶች ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ2019 በመከልከል ቀዳሚ ሆናለች። በመንዝ ቤት ይህ ጥያቄ ሊነሳም አይገባም፤ ጥፍር የሌላት ድመት አይጥ አትይዝ፣ ውሻ ሲያባርራት ዛፍ አትወጣ። ከቤት ለማትወጣ የከተማ ድመት የጥፍሯን ጫፍ ብቻ፣ ደም ሥር ያለበትን ሮዝ ክፍል ሳይነኩ መከርከም ይበቃል።

ባና የሚያጠፋ ሌላም የድመት አመል አለ፤ ጨርቅ ማኘክ። ይህ ግን ከመቧጨር የተለየ ጉዳይ ነው፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት መፍትሔውን ያበላሻል። መቧጨር የጤነኛ ድመት ሥራ ሲሆን ሱፍ መጥባትና መብላት ብዙ ጊዜ የጎደለ ነገር ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመና ምግብ ያልሆነ ነገር የሚበሉ 152 ድመቶችን ያጠና ጽሑፍ ከጨርቅ ሁሉ በብዛት የሚበላው ሱፍ መሆኑን አግኝቷል። ከሚጠረጠሩት መነሻዎች አንዱ ከእናት ቶሎ መለየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በፊንላንድ ወደ 5,700 ድመቶች የተካተቱበት ጥናት ጡት የሚጥሉበትን ጊዜ ከጠባያቸው ጋር አነጻጽሮ፣ 14 ሳምንት ሞልቷቸው ከእናታቸው የተለዩት ድመቶች ጠበኝነትም ሆነ እንደ ሱፍ መጥባት ያለ ተደጋጋሚ ጠባይ እንደሚቀንስላቸው አመልክቷል። እኛ ዘንድ ግልገሏ ዐይኗን ገልጣ መሮጥ ከጀመረች ለጎረቤት ለመስጠት ይቸኮላል። አይጥ ቤቱን የወረረበት ሰው ብዙ ሳምንት መጠበቅ ሊከብደው ይችላል። ሆኖም ግልገል አደንን የሚማረው እናቱ ይዛ ከምታመጣው አይጥ ነውና፣ ሳይበስል የተወሰደው ግልገል ሱፍ የሚያኝክ ብቻ ሳይሆን አይጥ አያያዝም የሚከብደው ሊሆን ይችላል። መጠበቁ ለወሳጁም ይጠቅማል።

የማኘክ ጉዳት በባናው ብቻ አያበቃም። የድመት ምላስ ወደ ጉሮሮዋ ባዘነበሉ እሾህ መሰል ነገሮች የተሸፈነ ነው፤ ጠጉር ለማበጠር ይጠቅማታል። ክር አፏ ውስጥ ከገባ ግን ምላሷ ወደ ውስጥ ይገፋዋል እንጂ መትፋት ይቸግራታል። የተዋጠ ረጅም ክር አንድ ጫፉ ምላስ ሥር ወይም ጨጓራ ላይ ሲያዝ አንጀቷ በክሩ ላይ ይሸበሸባል፤ ክሩም እየከረረ ሊቆርጠው ይችላል። እንዝርት በሚሾርበት ቤት ይህ ሩቅ ስጋት አይደለም፤ ፈትሉ ሲያበቃ ክሩ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ይግባ። ከአፏ ወይም ከመቀመጫዋ ክር ብቅ ብሎ ከታየ ስቦ ማውጣት አንጀቷን ሊበጥሰው ስለሚችል የእንስሳት ሐኪም ዘንድ መውሰድ ነው።

ከማኘክ ጋር አብሮ መታየት ያለበት ምግቧ ነው፤ ምግብ ያልሆነ ነገር መብላት ከደም ማነስና ከሆድ ሕመም ጋር አብሮ የሚታይበት ጊዜ አለና። ድመት ሥጋ በል ናት፤ ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን አይሠራም፣ ከእህልም አታገኘውም። እሱ ሲጎድላት ዐይኗ እንደሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1975፣ ልቧ እንደሚደክም ደግሞ በ1987 በታተሙ ጥናቶች ተረጋግጧል። በሁዳዴ 55 ቀናት ከቤቱ ሥጋና ወተት ሲጠፋ፣ ድመቷ በእንጀራና በሽሮ ብቻ ከሰነበተች የሚጎድላት ይኸው ታውሪን ነው። አይጥ የምታገኝ ድመት ጉድለቱን ራሷ ትሞላለች፤ በር የተዘጋባት የከተማ ድመት ግን ሥጋ ወይም ዓሣ ካልተሰጣት ከየትም አታገኘውም። ሽንኩርት ያለበት ወጥም የድመትን ቀይ የደም ሴሎች ስለሚጎዳ መስጠት አይገባም።

አንድ ተቃውሞ ይቀራል፤ ሰው ራሱ በሚቸገርበት አገር ለድመት መቧጨሪያ ማዘጋጀት ቅንጦት አይሆንም ወይ የሚል። ሒሳቡ ግን ተቃራኒውን ይናገራል። አንድ ባና ለማድረስ በጉ ይሸለታል፣ ጠጉሩ ይበጠራል፣ ይፈተላል፣ ይሸመናል፤ በስተመጨረሻም ድመቷ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ትጨርሰዋለች። ግንዱ ከጓሮ ይቆረጣል፣ ገመዱ ካረጀው ይገኛል። ድመቷን ማባረር ደግሞ ጎተራውን ለአይጥ መልቀቅ ነው። ተረቱ እንዳለው አመሏን አትረሳም፤ ሰውም እንድትረሳ መጠበቁን ትቶ አመሏን የምታውልበት ግንድ ቢያቆምላት ባናውም ገብሱም ይተርፉለታል።