ቴምስን በእግር፣ ቅዳሜ በቅዳሜ

300 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራችሁ ሂዱ ብትባሉ ምን ትላላችሁ? «ልጆቹን ለማን ትቼ? ሥራዬንስ ማን ይሠራልኛል?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነበር። ይሁን እንጂ ይህንኑ መንገድ በአንድ ጉዞ ሳይሆን፣ ሥራ በማትገባበት ቅዳሜ ሁሉ ጥቂት ጥቂት እየቆራረጠች የምትጨርስ አንዲት እናት አውቃለሁና ዛሬ ስለ እርሷ ላጫውታችሁ።

ይህች እናት የአክስቴ ልጅ ናት። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እታለም ነው የምላት። ለንደን ከተማ ውስጥ ሌሊት ሌሊት የቢሮ ወለል እያጸዳች የ13 ዓመት ወንድ ልጇን ብቻዋን ታሳድጋለች። ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ለአጭር ሥልጠና ወደዚያው በሄድኩ ጊዜ ማረፊያዬ ከእርሷ ዘንድ ነበር። በደረስኩ በማግስቱ ሻይ ቀርቦ ስንጫወት ከአልጋው ሥር አንድ የጫማ ካርቶን ጎትታ አወጣችና «እስቲ ሥራዬን እይልኝ» አለችኝ። ካርቶኑ በፎቶግራፍ ተሞልቶአል። ወንዝ፣ ዛፍ፣ ጉም፣ ጀልባ፣ እንደገና ወንዝ። በእያንዳንዱ ጀርባ ላይ ቀኑና የቦታው ስም በእስክሪብቶ ተጽፎአል።

ወንዙ ቴምስ ነው። ከእንግሊዝ አገር ምዕራባዊ ክፍል፣ ኬምብል ከተባለች መንደር አጠገብ ካለ መስክ ይነሣና 346 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ለንደንን ሰንጥቆ ባሕር ይገባል። ከምንጩ አንሥቶ በለንደን ምሥራቅ እስካለው የጎርፍ መከላከያ ግድብ ድረስ ወንዙን እየተከተለ የሚሄደው የእግረኛ መንገድ እ.ኤ.አ. በ1996 ብሔራዊ መንገድ ተብሎ ተከፍቶአል። አብዛኛው አዲስ የተሠራ አይደለም። ሞተር ባልነበረበት ዘመን ዕቃ የጫነ ጀልባ የሚጎተተው በፈረስ ነበርና፣ ፈረሱ የረገጠው የዳር መንገድ ነው ዛሬ ለእግረኛ የተረፈው። በየመታጠፊያው የኦክ ዛፍ ፍሬ የተሣለበት ምልክት ቆሞአል፤ ያንን መከተል ነው። ክፍያ የለም። ይህ የመጨረሻው ነገር ለእታለም ትልቅ ቁም ነገር ነበር።

እንዴት እንደ ጀመረችው ስጠይቃት አልሸሸገችኝም። «ልጄ ከስልኩ ጋር፣ እኔ ከእንቅልፌ ጋር ሆንን። በአንድ ቤት ውስጥ እየኖርን አንተያይም። በአማርኛ ስጠይቀው በእንግሊዝኛ ይመልስልኛል፤ ኋላ ኋላማ መመለሱንም ተወ» አለችኝ። ስለዚህ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ አንዲት ያገለገለች ካሜራ ገዛችና አንድ ቅዳሜ ልጁን ይዛ በአውቶቡስ ወደ ጎርፍ መከላከያው ወረደች። ያ ግድብ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ የባሕር ማዕበል ለንደንን እንዳያጥለቀልቅ የሚጠብቅ ነው። ከዚያ ተነሥተው ከታች ወደ ላይ ሽቅብ ጀመሩ። በአንድ ቀን 10፣ ቢበዛ 15 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ፤ በአውቶቡስ ወይም በባቡር ይመለሳሉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ካቆሙበት ከዚያው ይነሣሉ። «አንዲት እርምጃ አላጭበረበርኩም» ትላለች። ወር ሙሉ ያልወጡበት ጊዜም አለ። ዝናብ፣ የልጁ ፈተና፣ ተጨማሪ ሥራ። በበረዶው ወራት ደግሞ ወንዙ ሞልቶ መንገዱን ይውጠዋል።

ፎቶግራፍ ማንሣቱን ማንም አላስተማራትም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከተነሡት ውስጥ አንድም ድልድይ አለማየቴ ገርሞኝ ብጠይቃት ሳቀች። እኛ አገር ድልድይ ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው እየተባለ አይደል ያደግነው? በለንደን መካከል ስንትና ስንት ታዋቂ ድልድይ እያለፈች ካሜራዋን ወደ ዳክዬ ታዞር ነበር። ኋላ ልጁ ነው «እማዬ፣ ሁሉም ሰው እያነሣ ነው» ያላት።

ከእርሷ የተማርኩትን ልንገራችሁ፤ ለኛም ወንዝ ይሠራልና። ወንዝ ዳር ያለ አገር ሜዳ ነው። ዓይን ሲያየው ያምራል፤ በፎቶግራፍ ግን ከላይ ሰማይ፣ ከታች ውሃ፣ መካከሉ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ እታለም ሁልጊዜ ከፊት ለፊት አንድ ነገር ታስገባለች፤ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ የታሰረ ጀልባ፣ ወይም የአጥር በር። በቀትር አታነሣም፤ ውሃው ሰማዩን እያንጸባረቀ ምስሉን ያነጣዋል። ጧት ጉሙ ከውሃው ላይ ሳይነሣ ወይም ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ትመርጣለች። ፀሐይን ከፊትም ከኋላም ሳይሆን ከጎን ታደርጋለች። በብርድ ቀን ባትሪ ቶሎ ስለሚደክም ካሜራዋን ከካፖርቷ ውስጥ ታቅፋ ነው የምትሄደው። ደግሞ ካለፈች በኋላ ዞር ብላ የመጣችበትን ታያለች፤ ከጥሩዎቹ ፎቶግራፎቿ ግማሹ የተነሡት ወደ ኋላ ነው። ይህን ሁሉ በእጅ ስልክም ማድረግ ይቻላል። «የት ሄደን?» ለምትሉኝ የአዲስ አበባ እናቶች፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው የወንዝ ዳር ልማት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር ታስቦ የተነሣ ነው፤ ከተከፈቱት ክፍሎቹ በአንዱ መጀመር ይቻላል። ብቻ አስቀድማችሁ ጥበቃውን ጠይቁ።

እታለም ከፎቶግራፎቿ የመረጠቻቸውን ደሴ ለሚኖሩት እናቷ፣ ማለት ለአክስቴ፣ ትልክላቸዋለች። አክስቴ ግን አልተደሰቱም። «ውሃና ዛፍማ እዚህስ መች ጠፋ! የአንቺ ፊት የታለ? ልጁስ?» ብለው በስልክ ተቆጧት። እውነትም በካርቶኑ ሁሉ ውስጥ አንድም የእርሷ ፎቶግራፍ አልነበረም። «የሥራ ልብስ የለመደ ገላ ምን ይታያል?» አለችኝ። ይህን ስትል ደስ አላለኝም፤ እንደምንም ብዬ ዝም አልኩ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ሦስታችንም ወጣን። የዚያን ቀን ተራው ከዊንድሰር እስከ ሜይደንሄድ ነበር፤ 11 ኪሎ ሜትር ያህል። ከባቡር ወርደን ድልድዩን ተሻገርንና ብሮከስ ከሚሉት መስክ ደረስን። ከማዶ ኮረብታው ላይ የነገሥታቱ ግንብ ተዘርግቶአል፤ ከሥሩ ውሃው፣ በውሃው ላይ ነጫጭ ዝዬዎች። ፎቶግራፍ አንሺ ሁሉ የሚቆምበት ቦታ ነው። እታለም ካሜራዋን አንሥታ ነበር፤ ነገር ግን ሳታነሣ መልሳ አወረደችው።

«እዚያ ውስጥ የኛ ልጅ አለ» አለችው ለልጇ።

ልዑል ዓለማየሁን ማለቷ ነው። አጤ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ላይ ሲሞቱ ልጃቸው የ7 ዓመት ሕፃን ነበር። የእንግሊዝ ጦር ይዞት ሄደ። በዚያው ዓመት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ ያነሣችው ምስል አለ፤ ፊቱን ያየ ሰው አይረሳውም። በ1879፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ ሊድስ ከተማ ውስጥ ታሞ ሞተና በዊንድሰር የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ። አጽሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ኢትዮጵያ ደጋግማ ጠይቃለች፤ በ2023 የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የሌሎቹን ሙታን ዕረፍት ሳያውኩ ማውጣት አይቻልም ሲል እንቢታውን ገልጾአል።

እታለም ይህን ሁሉ በአማርኛ ነው የነገረችው፤ ቀስ እያለች፣ የወሎ ልጅ ነችና መቅደላን በእጇ እየሣለች። ልጁ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ይሰማ ነበር። ስትጨርስ ጥቂት ዝም አለና «እናቱስ?» ብሎ ጠየቃት።

በአማርኛ ነው የጠየቃት። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከመቅደላ አብረውት ወጥተው ነበር፤ ግን ታመው ባሕር ሳይደርሱ በመንገድ አረፉ። እታለም ይህን ስትነግረው ድምፅዋ ተሰበረ። ከዚያ ካሜራዋን አነሣችና ግንቡን አነሣችው፤ አንዴ ብቻ። ፊት ለፊቱ ምንም አላስገባችም። እንደ ፎቶግራፍ ባዶ የሚባል ዓይነት ነው፤ ግን ከካርቶኑ ውስጥ ምረጪ ብባል እርሱን እወስዳለሁ።

የቀረውን መንገድ ብዙ ሳንነጋገር ሄድን። ወደ 10 ሰዓት ገደማ ሜይደንሄድ ደረስን። እዚያ ከ1839 ጀምሮ ባቡር የሚመላለስበት የጡብ ድልድይ አለ፤ መንገዱ በአንደኛው ቅስት ሥር ያልፋል። ቅስቱ ድምፅን መልሶ በማስተጋባት የታወቀ ነው። ልጁ ይህን ሲሰማ ሮጦ ገባና «እማዬ!» ብሎ ጮኸ። ድልድዩ ደጋግሞ መለሰለት። እየሳቀ ተመልሶ ካሜራውን ከአንገቷ ላይ አወለቀና «እዚያ ቁሚ» አላት። እርሷ ፀጉሯን ለመሸፈን ሻርፗን ስታስተካክል፣ ገና ሳትዘጋጅ፣ አነሣት።

ያ ፎቶግራፍ በዚያው ሌሊት ደሴ ደረሰ። አክስቴ በማግስቱ ደወሉ። «ከስተሻል። ያ ድልድይ ሥር ነፋስ አለበት፤ ጋቢ ልልክልሽ ነው» አሉ።

ጋቢው በታኅሣሥ በመንገደኛ ሄዶአል። ባለፈው ሳምንት ስደውልላት እታለም ኦክስፎርድ ደርሳ ነበር። ከዚያ በላይ ባቡር እምብዛም ስለሌለ አንድ ሌሊት ውጪ ማደር ሊኖርባት ነው፤ ከአለቃዋ ዓርብን ለመለመን እያሰበች ነው።