«ማዋዛት»፦ ለአንድ የልቦለድ ዐይነት የሚስማማ ስያሜ ፍለጋ

ባዕድ ቃል ወደ አማርኛ ሲገባ የሚያጸናው ተናጋሪው ሕዝብ ነው። ለዚህ በአዲስ አበባ መካከል የሚገኘው የካዛንቺስ ሰፈር ስም ጥሩ ምስክር ይሆነናል። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን (1928—1933 ዓ.ም.) ለመንግሥት ሠራተኞች የተሠሩት ቤቶች «ካዜ» (ቤቶች) እና «ኢንቺስ» (የቤቶች ድርጅቱ ምሕጻረ ስም) በሚሉ ሁለት ቃላት ይጠሩ ነበር። ነዋሪው ሁለቱን አላምጦ አንድ አደረጋቸው፤ ወራሪው ሲሄድ ቃሉ አማርኛ ሆኖ ቀረ።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን ስያሜው ገና ያልጸናለትን የልቦለድ ዐይነት ነው። ይኸውም ከልጅነት ወጥተው ለአዋቂነት ላልደረሱ አንባብያን የሚጻፍ፣ እያሣቀ የወላጆችን መለያየት፣ ችግርን፣ ሐፍረትንና ሐዘንን የሚያነሣ ልቦለድ ነው። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ስው ታውንሴንድ በ1982 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው የአድሪያን ሞል የምሥጢር ማስታወሻ ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። የ13 ዓመት ከዘጠኝ ወሩ ባለታሪክ ስለ ፊቱ ብጉር አብዝቶ ይጨነቃል፤ የወላጆቹ ትዳር ዐይኑ ሥር ሲናጋ ግን ነገሩ የሚገባው ዘግይቶ ነው። አንባቢው ከልጁ ቀድሞ ስለሚረዳ ይሥቃል፤ ሣቁን ሳይጨርስ ያዝንለታል። እንዲህ ያለውን ሥራ በአማርኛ ምን እንበለው?

፩. የአንባቢው ዕድሜ

«የወጣቶች ልቦለድ» የሚለው ስያሜ ቶሎ ወደ አፍ ይመጣል፤ ነገር ግን ሰፊ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ሰው ነው። በዚህ መለኪያ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ከውጭ ይቀራል፤ የልጆች አባት የሆነ ሰው ደግሞ ይገባል። «ጎረምሳ» ወንዱን፣ «ኮረዳ» ሴቷን ብቻ ስለሚያመለክቱ ለሁለቱም የጋራ ስም አይሆኑም። በጤና ባለሙያዎች ዘንድ የተለመደው «አፍላ ወጣት» ግን ሁለቱንም ፆታዎች ያቅፋል፤ የዓለም የጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ብሎ ለወሰነው የዕድሜ ክልልም አቻ ሆኖ ያገለግላል። ስለሆነም እርሱን መርጠናል።

፪. የሣቁ ዐይነት

ዋናው ችግር እዚህ ላይ ነው። በዕለት ተዕለት ንግግራችን ቀልድ የቁም ነገር ተቃራኒ ነው፤ «ቀልዱን ትተን ወደ ቁም ነገሩ እንግባ» እንላለን። «የቀልድ ልቦለድ» ያልነው እንደ ሆነ መምህሩም ወላጁም መጽሐፉን ሳይገልጡት ያቀልሉታል። ፌዝና ሽሙጥ የሚወጉት ሰው ይፈልጋሉ፤ ስላቅ ይነክሳል፤ ምፀት የአነጋገር ስልት እንጂ የድርሰት ዐይነት አይደለም። የአዲስ አበባ ሰፈሮች ልጆች የሚወዱት ተረብ ለዚህ ዕድሜ የቀረበ ነው፤ ነገር ግን ተረብ ግጥሚያ ስለ ሆነ ያረጀ ጫማ ያደረገውን ልጅ ለሣቅ ሲያቀርበው ይታያል። የምንሰይመው ልቦለድ ደግሞ ያ ልጅ ራሱ የሚናገርበት ነው። እንግዲህ «ተረብ»፣ «ፎገራ»፣ «ሙድ መያዝ» የመሳሰሉት ቃላት በምልልሱ ውስጥ ቦታቸው የታወቀ ቢሆንም ለዐይነቱ ስም አይሆኑም።

የቀረን «አዋዛ» የሚለው ግሥ ነው። «ምክሩን በጨዋታ እያዋዛ ነገራቸው» ስንል ተሳቢው ምክሩ፣ መሣሪያው ጨዋታው መሆኑን ልብ ይሏል። ቁም ነገር ይዋዛል እንጂ ቀልድ አይዋዛም። የጥበቡ ሕግ በግሡ ውስጥ አስቀድሞ ተቀምጧል ማለት ነው፤ የሚዋዛ ከባድ ነገር ከሌለ ማዋዛት የለም።

ይህ አካሄድ ለሥነ ጽሑፋችን እንግዳ አይደለም። መንግሥቱ ለማ «ጠልፎ በኪሴ» እና «ያላቻ ጋብቻ» በተባሉት ተውኔቶቻቸው የጠለፋንና እኩያ ያልሆኑ ሰዎች ጋብቻን ጉዳይ በ1950ዎቹ እያሣቁ ለተመልካች አቅርበዋል። እነዚህ ተውኔት እንጂ ልቦለድ አይደሉም፤ ለአፍላ ወጣቶችም ተለይተው አልተጻፉም። ሆኖም ሣቅ ቁም ነገርን ሊሸከም እንደሚችል ያስረዳሉ።

፫. የቀረበው ፍቺ

«የተዋዛ የአፍላ ወጣቶች ልቦለድ (ስም)፦ የአፍላ ወጣትነትን ከባድ ጉዳይ፣ ክብደቱን ሳያሳጣ፣ በሣቅ እያለዘበ የሚተርክ ልቦለድ።»

ስያሜ ብቻውን ግን አይበቃም። «ልብ ወለድ» የሚለውን ቃል የምናውቀው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው፤ ሥራው ቀደመ፣ ስያሜው ተከተለ። ዛሬም ጉዳዩ አልጠፋም። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙዎቹ የካዛንቺስ ቤቶች ሲፈርሱ ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተዛውረዋል፤ አብሮ አደግ ልጆችም በየአቅጣጫው ተለያይተዋል። ቤተሰቡ ዕቃ ሲጭን «የጋራ ኳሳችን ማን ዘንድ ትደር?» ብሎ የሚሟገት ልጅ በልቦለድ ቢቀርብ፣ አንባቢው በጥያቄው ይሥቃል፤ ልጁ የሚጠይቀው ስለ ኳሷ ብቻ አለመሆኑን ግን አይስተውም። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲጻፍ ስያሜያችን ይጸናል፤ ካልተጻፈ በመዝገብ ብቻ ይቀራል። ከዚህ የተሻለ ቃል ያላቸው አንባብያን ቢያቀርቡልን በደስታ እንቀበላለን።