በያይነቱ፤ አጽዋማት የወለዱት ሥርዓተ ማዕድ

በዓለም ታላላቅ ከተሞች ስመ ጥር በሆኑ ምግብ ቤቶች ዘንድ፣ ተመጋቢው አንድ ወጥ መርጦ ከማዘዝ ይልቅ ምርጫውን ሁሉ ለወጥ ቤቱ ሹም ትቶ፣ ከስድስትና ከሰባት አንሥቶ እስከ ዐሥራ ሁለትና ከዚያም በላይ የሚደርስ የምግብ ዓይነት በጥቂት በጥቂቱ እንዲቀርብለት የሚያደርግበት ሥርዓተ ማዕድ አለ። ፈረንሳዮች በዴጉስታስዮን ስም ያሠለጠኑት፣ ጃፓኖችም በካይሴኪ ገበታቸው ያከበሩት ይህ ልማድ ዓላማው ማጥገብ ብቻ ሳይሆን፣ ምላስ ጣዕምን ከጣዕም እየለየች እንድትደሰትና የባለሙያው ጥበብ በአንድ ገበታ ላይ ምሉእ ሆኖ እንዲታይ ነው። ዋጋው ከፍ ያለ ስለ ሆነ ወደዚያ ገበታ የሚቀርበው ጥቂት ሰው ነው። በአገራችን ግን ከዚህ የማያንስ ጥበብ ያለበት ማዕድ፣ ረቡዕና ዓርብ በመጣ ቁጥር፣ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ በአቃቂ ቃሊቲ በመንገድ ዳር በተደረደሩት ምግብ ቤቶች ለፋብሪካ ሠራተኛውም፣ ለከባድ መኪና ሹፌሩና ለረዳቱም፣ ለተማሪውም ሳይለይ ይቀርባል፤ እርሱም የጾም በያይነቱ ነው።

ከልጅነታችን ጀምሮ የለመድነው ነገር ስለ ሆነ ልብ ብለን የምናየው ጥቂቶች ነን። በአንድ ትሪ ላይ በተነጠፈ እንጀራ ሽሮው፣ ቀይ ምስሩ፣ የአተር ክክ አልጫው፣ ጎመኑ፣ ጥቅል ጎመኑ ከካሮትና ከድንች ጋር፣ ቀይ ሥሩ፣ ፎሶሊያው፣ አዚፋው፣ የቲማቲም ፍትፍቱና ሰላጣው እያንዳንዱ ድንበሩን ጠብቆ ይቀመጣል። ከውጭዎቹ ሥርዓት የሚለየው፣ እነርሱ አንዱን አንሥተው ሌላውን ሲያስከትሉ፣ የእኛው ሁሉን በአንድ ጊዜ መዘርጋቱ ነው። ይህም የኋላ ቀርነት ምልክት አይደለም፤ በአውሮፓም ቢሆን እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ በመኳንንት ግብዣ ላይ ብዙው ምግብ በአንድነት ይደረደር ነበርና፣ አንዱ ከተነሣ በኋላ ሌላው የሚከተልበት ልማድ የሩሲያውያን አቀራረብ ተብሎ የተስፋፋው በዚያው ክፍለ ዘመን ውስጥ ነው። እንግዲህ በውጭዎቹ ገበታ የጣዕሙን ቅደም ተከተል የሚወስነው ወጥ ቤቱ ሲሆን፣ በበያይነቱ ግን ወጥ ቤቷ ኅብሩን ታዘጋጃለች፤ ቅደም ተከተሉን የሚያወጣው የተመጋቢው እጅ ነው።

አቃቂ ለዚህ ማዕድ የተገባ ስፍራ ሆኖ የቆየው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ በዚሁ ስላለፈ ጣቢያ ቆመለት፤ በ1950ዎቹም የጨርቃ ጨርቅና ሌሎች ፋብሪካዎች እየበዙ ሄደው አገሩን የሠራተኛ አገር አደረጉት፤ ዛሬም የቃሊቲ ጉምሩክ ከወደብ የሚመጣውን ጭነት ይቀበላል፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር ደቡባዊ መስመርም መጨረሻው ቃሊቲ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ ከዚህ ወደ ምሥራቅ ገላንንና ዱከምን አልፎ የሚገኘው የአድአ ሜዳ፣ በጤፉ፣ በምስሩና በሽምብራው ከጥንት የታወቀ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ለገበሬ የተለቀቀው ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዘር የተገኘውም በዚያው በደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማእከል ነው። ስለዚህ ወደ ዋና ከተማው የሚገባው እህል በአቃቂ በር ሲያልፍ፣ የሚራበው ሠራተኛና የሚያጠግበው እህል በአንድ መንገድ ላይ ይገናኛሉ።

የዚህ ሁሉ ኅብረ ጣዕም ምንጩ ግን ጾም ነው። ቅድስት ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰባት አጽዋማትን ሠርታ፣ ዐቢይ ጾምን 55 ቀን፣ ጾመ ፍልሰታን 15 ቀን፣ ጾመ ነነዌን 3 ቀን፣ የቀሩትንም በየወራታቸው፣ ረቡዕንና ዓርብንም ከበዓለ ኀምሳ በቀር ዓመቱን ሙሉ እንዲጾሙ ስታዝዝ፣ ለምእመናን ወደ 180፣ ለካህናትና ለመነኮሳት እስከ 250 የሚደርሱ ቀናት ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል የተከለከሉ ሆኑ። ከዓመቱ እኩሌታ ያህል ቅቤ ሳይነካ የሚያድር ሕዝብ፣ ጣዕምን ከቅቤ ሳይሆን ከጥራጥሬ፣ ከቅጠል፣ ከቅመምና ከእሳት ማውጣት ግድ ሆነበት፤ በዚህም ግዴታ ውስጥ እናቶቻችን በየትውልዱ እየጨመሩበት ያደረጁት ሙያ፣ ዛሬ በበያይነቱ ትሪ ላይ ተሰብስቦ ይታያል።

ጾም የፈቃደ ሥጋ መግቻ ሆኖ ሳለ ጣዕምን ማብዛት ዓላማውን ማፍረስ አይደለምን ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሸማኔው፣ ጫኝና አውራጁ፣ ማሽን ላይ የቆመችው ሴት ልጅ የእለት ድካማቸውን ሳያቋርጡ ለመጾም የቻሉት፣ ምስርና ሽምብራ በሥጋ ፋንታ ጉልበት ስለ ሰጧቸውና ጣዕማቸውም ስላላሰለቻቸው ነው። ሥርዓተ ጾሙን ጠብቆ ለመኖር የረዳ ጥበብ ጾምን ያገለግላል እንጂ አይቃወመውም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መሠረቱ እንጀራ ነው፤ የጤፉ ዱቄት በእርሾ ተቦክቶ ሁለትና ሦስት ቀን ከሰነበተ በኋላ፣ የላዩ ውኃ ተጠልሎ፣ ከሊጡ ጥቂቱ በፈላ ውኃ በስሎ አብሲት ይሆንና ተመልሶ ይቀላቀላል፤ ኩፍ ሲል በጋለ ምጣድ ላይ ይጋገራል። ከመፍላቱ የሚያገኘው ለስላሳ ኮምጣጣነት የበርበሬውን ኃይል ያበርዳል፣ የክኩን ጣፋጭነትም ያጎላዋል፤ ስለዚህ እንጀራው ራሱ በየጉርሻው ውስጥ የማይቀር አንድ ጣዕም ነው።

ቀዩ ወጥ በቁሌት ይጀምራል፤ ሽንኩርቱ ደቆ ተከትፎ ያለ ዘይት በዝግታ ሲቁላላ ውኃው ያልቅና ጣፋጭ ይሆናል፤ ከዚያም ዘይቱ፣ በኋላም በርበሬው ገብቶ ጥሬነቱ እስኪጠፋ ድረስ ውኃ ጠብ እየተደረገበት ይታሻል። በዚህ ላይ የተቸኮለ ወጥ ሆድ ያቃጥላል፤ የታገሡት ግን ቅቤ ሳይነካው ቅቤ ያለው ይመስላል። አልጫው በአንጻሩ በርበሬ የለበትም፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና እርድ ያጣፍጡታል፣ ምላስም ከቀዩ ወጥ ኃይል በእርሱ ታርፋለች። ሽሮው ደግሞ ሽምብራው ወይም አተሩ ታምሶ፣ ተከክቶ፣ ከበሶብላ፣ ከኮረሪማ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከሌላም ቅመም ጋር ስለሚፈጭ፣ የወጡ ሙያ ግማሹ ድስቱ ሳይጣድ ገና በወፍጮ ቤት ያልቃል። በብዙ ቤት ከሁሉ በኋላ እየተንተከተከ መጥቶ በትሪው መካከል የሚገለበጠውም እርሱ ነው።

በእነዚህ ትኩሳን መካከል ቀዝቃዞቹ ይገባሉ። አዚፋ የተቀቀለ ድፍን ምስር በሽንኩርት፣ በቃሪያ፣ በሎሚና በስናፍጭ ተለውሶ የሚሠራ ነው፤ አፍንጫን ይሰነፍጣል፣ አፍንም ያነጻል። በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ ከሚጨመሩት ውስጥ ስልጆ አለ፤ የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውኃ ተቀቅሎ፣ ስናፍጭ ገብቶበት፣ ቀናት ሰንብቶ የሚኮመጥጥ ነው። የሱፍና የተልባ ፍትፍትም አለ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን የሽምብራ ዓሣ ነው፤ የሽምብራው ዱቄት ተለውሶ በዓሣ አምሳል ይቀረጽና ተጠብሶ በበርበሬ ቁሌት ውስጥ ይገባል፤ ዓሣ በማይበላበት በዐቢይ ጾም፣ የዓሣን መልክ ከእህል ያወጣ አእምሮ የደስታንና የትእዛዝን ድንበር አብሮ የጠበቀ አእምሮ ነው።

ይህ ማዕድ ከእኛ አፈር ብቻ የበቀለ ነው ብለን ብንመካ እውነቱን እናጎድላለን። በርበሬ፣ ድንችና ቲማቲም መነሻቸው አሜሪካ ነው፤ ድንችን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወደ አገራችን ያስገባው ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ መሆኑ ይነገራል። የበያይነቱ ጥበብ ከሩቅ የመጣውን ሁሉ ተቀብሎ በእንጀራው ላይ የራሱ ማድረጉ ነው።

ሲበሉትም ሥርዓት አለው። እጅ ይታጠባል፣ ማዕዱ ይባረካል፣ ሁሉም ከየፊቱ ይቆርሳል፤ ልባሙ ተመጋቢ ከአልጫው ጀምሮ ወደ ቀዩ ይሄዳል፣ በመካከል በጎመን ወይም በሰላጣ አፉን ያሳርፋል፣ ሲሻውም ሁለቱን በአንድ ጉርሻ ያዋሕዳል። ወጥ ሲያልቅበት አስተናጋጇን «ጨምሪልኝ» ማለት ነውር የለውም። በመጨረሻ የሚቀረው ከሥር የተነጠፈው፣ የሁሉንም ወጥ መረቅ የጠጣው እንጀራ ነው፤ በእርሱ ላይ የትሪው ጣዕም ሁሉ ስለሚገናኝ፣ ዐዋቂዎች ሆዳቸውን ለዚያ ቦታ ያስተርፋሉ። የተዋሕዶ ልጅ ከሙስሊሙና ከፕሮቴስታንቱ የሥራ ጓደኛው ጋር በአንድ ትሪ ዙሪያ በሰላም መቀመጡም የዚህ ማዕድ በረከት ነው፤ በጾሙ ምግብ ላይ ለማንም የሚከለከል ነገር የለምና።

ምግብ ሸጦ መኖር በአገራችን አንድ ጊዜ እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሲከፈት፣ መኳንንቱ በገንዘብ መብላትን ስለ ተጸየፉ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው በልተው ሒሳብ በመክፈል ልማዱን እንዳስተማሩ ይተረካል። ንጉሠ ነገሥቱ የሻሩት ነውር ግን ከወጥ ቤት ሴቶች ላይ ገና ፈጽሞ አልተነሣም። ምስሩን ለቅማ፣ ሽንኩርቱን ከትፋ፣ ስምንትና ዐሥር ድስት እያንዳንዱን በየእሳቱ ጠብቃ ለምሳ ሰዓት ሁሉንም በአንድነት የምታደርስ ሴት፣ በሌላው ዓለም ስሟ በምግብ ቤቱ መግቢያ ላይ የሚጻፍላት ባለሙያ ናት፤ በእኛ ዘንድ ግን ሙያዋ እንደ ተራ ድካም ይታያል፣ ዕውቀቷም ሳይጻፍ ያልፋል።

ሌላም ሥጋት አለ። ለአዲስ አበባ ገበያ ከሚቀርበው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ብዙው በአቃቂ ወንዞች ውኃ የሚበቅል ነው፤ ይህ ውኃ ደግሞ የከተማውን እድፍና የቆዳ ፋብሪካዎችን ዝቃጭ ይዞ ስለሚወርድ፣ በአፈሩና በአትክልቱ ላይ እንደ ክሮሚየምና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን ተመራማሪዎች ደጋግመው ገልጸዋል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የሸገር ወንዞች ልማት ዳርቻውን ከማሳመር አልፎ ውኃውን እስካላነጻ ድረስ፣ የድሀው ገበታ ንጹሕ ነው ለማለት አንችልም። የጥንቱ የኑግ ዘይት ከውጭ ለሚመጣው የዘንባባ ዘይት ቦታውን መልቀቁም፣ በርበሬና ሽሮ ውስጥ ባዕድ ነገር የሚቀላቅሉ መኖራቸውም ጣዕሙንም ጤናውንም ይጎዳል።

እንግዲህ በያይነቱን ማክበር ማለት ዋጋውን ሰማይ አድርሶ ለጥቂቶች ማቅረብ አይደለም፤ ክብሩ ለሁሉ መድረሱ ነውና። ማክበር ማለት ወንዙን ማንጻት፣ የአገሩን የቅባት እህል መጭመቅ፣ ባዕድ የሚቀላቅለውን መቅጣት፣ የአያቶችን ሙያ በሙያ ትምህርት ቤቶች መጽሐፍ አድርጎ ማስተማርና ለወጥ ቤት ሴት የሚገባትን ደመወዝና ስም መስጠት ነው። ይህን ያደረግን እንደ ሆነ፣ በአቃቂ ምሳውን የሚበላው ሠራተኛ ባለጸጎች በብዙ ገንዘብ ከሚሹት ገበታ ያላነሰ ማዕድ በየሳምንቱ ሁለት ቀን፣ በአጽዋማቱም ወራት በየዕለቱ ሲያገኝ ይኖራል።