ወደ አሰላ የሚመጣ ቤተ ሰብ ጓዙን ከማስገባቱ በፊት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በነሐሴ ወር መጨረሻ አንድ የሳይንስ መምህር ከባለቤቱና ከሦስት ልጆቹ ጋራ ጓዙን በአይሱዙ ጭኖ ከአርባ ምንጭ ወደ አሰላ መጣ። ከክልል ወደ ክልል ለመዛወር ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጠይቅ ኖሮ የተፈቀደለት ትምህርት ቤት ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው ስለ ነበር፥ ቤቱን የተከራየው በስልክ ነው። የኪራዩን ዋጋ ተስማማ፤ ክፍሎቹ ስንት እንደ ሆኑ፥ መብራትና ውሃም መኖሩን ጠየቀ። መስኮቶቹ ይከፈቱ እንደ ሆነ ግን አልጠየቀም። ማንስ ይህን ይጠይቃል?

አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፥ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። በዚያ የኖረ ሰው መስኮቱን የሚከፍተው ነፋስ እንዲገባለት ነው፤ ምግቡንም ብዙውን ጊዜ የሚያበስለው በደጅ ወይም ከመኖሪያው በተለየ ማድ ቤት ነው። አሰላ ግን በጭላሎ ተራራ ሥር 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት። በክረምት ማታ ዝናሙ ሲያባራ ከተራራው በኩል የሚመጣው ብርድ፥ ቆላ ለለመደ ሰው አጥንት ድረስ ይገባል። ስለዚህ ያ ቤተ ሰብ በመጀመሪያው ሌሊት ያደረገውን ነገር በእርሱ ቦታ ብንሆን ብዙዎቻችን እናደርገው ነበር። አባትየው በሩን ዘጋ፤ የነፋስ መግቢያ የመሰለውን ቀዳዳ ሁሉ በጨርቅ ወተፈ፤ እናትየው እራት ያበሰለችበትን የከሰል ምድጃ ሁሉም በአንድነት ወደሚተኙበት ክፍል አስገባች።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ ትልቂቱ ልጅ ራሷን አሟት ነቃች፤ ለመነሣትም ስትሞክር ወደቀች። አባትየውን የቀሰቀሰው የመውደቋ ድምፅ ነው። እርሱም ራሱ ከብዶት፥ እግሩ አልታዘዝ ብሎት፥ ግድግዳውን እየዳሰሰ ሄዶ በሩን ከፈተና ጮኸ። ጎረቤቶች ደረሱ። አንዱ ሎሚ እናሽታቸው፥ ሌላው ወተት እንጋታቸው ሲል፥ አንዲት ባልቴት ምድጃውን አይተው ነገሩ ወዲያው ገባቸው። «ተዉት ወተቱን! መጀመሪያ ልጆቹን ወደ ደጅ አውጧቸው!» አሉ። አንድ በአንድ ተሸክመው አወጧቸው። ታናሹ ልጅ ግን ቢጠሩትም አልመልስ ስላለ ወደ ሆስፒታል ተወስዶ ኦክስጅን ተሰጠው፤ በማግሥቱም ነቃ።

መምህሩ በኋላ ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጥቶ ይህን ሲነግረን፥ «እኔ እኮ ስለ ኦክስጅን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ የማስተምር ሰው ነኝ» እያለ ደጋግሞ ራሱን ይወቅስ ነበር። እኛ ግን አልወቀስነውም። በትምህርት ቤት የተማርነውን ነገር በብርድ ሌሊት፥ ልጆች ሲንቀጠቀጡ እያዩ ማስታወስ ቀላል አይደለም።

ከሰል በሚነድበት ጊዜ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ዓይን አያቃጥልም፤ አያስልም። የእንጨት ጢስ ለሳንባ ጎጂ ቢሆንም ሰውን አስለቅሶ ከቤት ያስወጣዋል፤ ይኸኛው ግን አስተኝቶ ይገድላል። በሳንባ በኩል ወደ ደም ሲገባ ኦክስጅንን በሚሸከመው ሄሞግሎቢን ላይ ይቀመጣል፤ የሚጣበቅበትም ኃይል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ ልቡና አንጎሉ ኦክስጅን ያጣሉ። በአሰላ ከፍታ ደግሞ አየሩ ራሱ በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ፥ ለአካል የሚተርፈው ኦክስጅን ከወትሮውም ያነሰ ነው።

በዚህ ረገድ አንድ የተሳሳተ እምነት በከተማችን ሥር ሰዶ ይገኛል። ከሰሉ በደጅ ተያይዞ ጥቁርነቱ ከጠፋና ከቀላ በኋላ ቢገባ አይጎዳም ይባላል። ያች እናትም ከሰሉን ያስገባችው ቀልቶ ሳለ ነው። ነገር ግን ፍሙ የቀላ ቢሆን፥ አመድም የለበሰ ቢሆን ጋዙን መስጠቱን አይተውም፤ የቀረው የሚታየው ጢስ ብቻ ነው። እንደዚሁም ሎሚ ማሽተት፥ ወተትና ቡና ማጠጣት መርዙን ከደም አያስወጡትም። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ፈሳሽ መስጠትማ ወደ ሳንባው ገብቶ ሊያንቀው ይችላል። የሚረዳው ነገር ንጹሕ አየር ነው፤ በሩን መክፈት፥ ሰውየውን ማውጣት፥ ከዚያም ሳይዘገዩ ኦክስጅን ወዳለበት ጤና ድርጅት ማድረስ። በአንድ ቤት የሚኖሩ ሁለት ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ራስ ምታት፥ ማዞርና ማቅለሽለሽ ሲሰማቸው፥ ወደ ደጅም ሲወጡ ሲሻላቸው፥ በምግብ ከማሳበብ አስቀድመው ምድጃውን ይመልከቱ።

እንግዲህ ብርዱን በምን እንቋቋመው? ለሚለው፥ በጋቢና በብርድ ልብስ፥ በካልሲም ነው የምንለው። የሞቀ ውሃ በደንብ በሚከደን ኮዳ ሞልቶ፥ በጨርቅ ጠቅልሎ ከእግር አጠገብ ማድረግም ለሕፃናት መልካም ነው፤ ቆዳ እንዳያቃጥል ግን አስቀድሞ በእጅ መፈተን ያስፈልጋል። ማታ ሰው ነቅቶ ሳለ ከሰል ማንደድ ግድ ከሆነ፥ መስኮቱ ተከፍቶ ይሁን፤ ከመኝታ በፊትም ምድጃው ከነፍሙ ከቤት ይውጣ። መስኮት ተከፍቷል ተብሎ ከሰል አጠገብ መተኛት ግን ፈጽሞ አይገባም።

በኋላ እንደ ታወቀው፥ የዚያ ቤት መስኮቶች በምስማር የተመቱ ነበሩ። አከራዩ በክፋት ያደረገው አይደለም፤ ብርድና ሌባ እንዳይገባ ብሎ ነው። ስለዚህ ቤት የሚከራይ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት በቀን ብርሃን ሄዶ እያንዳንዱን መስኮት በገዛ እጁ ከፍቶ ይዝጋ። ራሱ መሄድ ካልቻለ በከተማው የሚያውቀውን ሰው ይላክ። ግድግዳውንም በመዳፉ ይንካ፤ በቅርቡ የተመረገ የጭቃ ቤት በክረምት ቶሎ አይደርቅምና እርጥበቱ ለሳልና ለአስም ሕመምተኛ ይከፋል። የአልጋውን ቦታ ከመወሰን በፊት የግድግዳውን ስንጥቅ በባትሪ መብራት ማየት ነው፤ ትኋን የሚሸሸገው በዚያ ነውና፥ ጓዝ ከገባ በኋላ ማባረሩ አሥር እጥፍ ያደክማል።

የመምህሩ ቤተ ሰብ መከራ በዚህ አላበቃም። አሰላ በገቡ በዐሥራ አንደኛው ቀን አባትየውን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያዘው። ያየው ሁሉ «አገሩ አልተስማማህም፤ ብርድ ነው የመታህ» አለው፤ እርሱም አመነ። ሦስት ቀን ተኝቶ ሲብስበት ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ። በዚያ የተጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ከየት ነው የመጡት?» የሚል ነበር። ደሙ ሲመረመር ወባ ሆኖ ተገኘ።

አሰላ በከፍታዋ ምክንያት ወባ እንደ ቆላው የማይተላለፍባት ከተማ ስለ ሆነች፥ በዚህ ትኩሳት የያዘው ሰው ወባን አያስብም። ወባ ግን ከሰውየው ጋራ ተሳፍሮ ይመጣል። ትንኟ ከነከሰችው በኋላ ሕመሙ እስኪገለጥ ድረስ ሳምንት፥ ሁለት ሳምንት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይቆያል፤ ቪቫክስ የተባለው ዓይነት ደግሞ በጉበት ውስጥ ተሸሽጎ ከወራት በኋላ ሊነሣ ይችላል። ደጋም ቢሆን ሁልጊዜ ምሽግ አይደለም። በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ በአገራችን የተነሣው ታላቅ የወባ ወረርሽኝ እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ድረስ ወጥቶ፥ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመና 150,000 ያህል እንደ ሞተ ይገመታል። ስለዚህ ከቆላ የመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ትኩሳት ሲይዘው በቀኑ ይመርመር፤ ባይጠየቅም እንኳ ከየት እንደ መጣ ይናገር። ይህ ወደ ዴራ ወይም ወደ ዝዋይ ለሥራ ወርዶ ለሚመለሰው ለአሰላ ነዋሪም የተነገረ ነው።

ውሃን በተመለከተ እናትየው ራሷ አንድ ነገር አስተውላ ነበር፤ ክኩ አልበስል አላት። ለካስ በአርባ ምንጭ በ96 ዲግሪ ገደማ ይፈላ የነበረው ውሃ በአሰላ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። አየሩ በሳሳ ቁጥር ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላልና። የሚጠጣ ውሃ በቆላ ከተንተከተከ በኋላ አንድ ደቂቃ ቢበቃው፥ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ አገር ሦስት ደቂቃ እንዲንተከተክ ማድረግ ይገባል። የሳይንስ መምህራን ይህን በክፍል ውስጥ በቴርሞሜትር ቢያሳዩት ተማሪዎች ደስ እንደሚላቸው አንጠራጠርም።

አሰላ እንግዳ መቀበል ለእርሷ አዲስ አይደለም። ከ1959 ዓ.ም. ፍጻሜ ጀምሮ በስዊድን መንግሥት ርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፥ ካዱ የተባለው፥ ከሩቅም ከቅርብም አያሌ ሠራተኞችን አምጥቶባታል፤ ዛሬም የብቅል ፋብሪካው፥ የኩሉምሳ የእርሻ ምርምር ማዕከልና የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሰው ያመጣሉ። ጎረቤት ለመጤው ወተት ይዞ ይመጣል። ስጦታውን በደስታ ተቀብሎ አፍልቶ መጠጣት ነው፤ ያልፈላ ወተት የሳንባ ነቀርሳንና ብሩሴሎሲስን ሊያመጣ ይችላልና። ማፍላቱ ለሰጪው ንቀት አይሆንም፤ ደግሞም የሚፈላው እንግዳው ከሄደ በኋላ ነው።

ከጎረቤት ጋራ በመጀመሪያው ቀን መተዋወቅ ራሱ ከጤና ጥበቃ ሥራ የሚቆጠር ነው። በአርሲ ኦሮሞ ባህል እናት ልጅዋን ስትድር ሲንቄ የምትባል በትር ትሰጣታለች፤ አንዲት ሴት ተበድላ ስትጮህም ሌሎቹ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ። ጩኸት ሰምቶ መውጣት የለመደ አገር በመሆኑ ነው ያን ሌሊት ሰው ፈጥኖ የደረሰው። ቋንቋ አላውቅም ብሎ በር ዘግቶ የሚቀመጥ መጤ ይህን ርዳታ ከራሱ ያርቃል።

የብርድ አገር ሌላው ጣጣ ልብስ ነው። ወፍራም ልብስ በላይ በላዩ ሲደረብና በክረምት አልደርቅ እያለ ሳይታጠብ ሲቆይ ቅማል ይራባል፤ የልብስ ቅማልም ታይፈስንና የሚያገረሽ ትኩሳትን ያስተላልፋል። ልብሱን በፈላ ውሃ መቀቀል፥ ካልሆነም ስፌቱን በጋለ ካውያ ደኅና አድርጎ መተኮስ ቅማሉንም ቅጫሙንም ይገድላል።

መጸዳጃ ቤቱን ሳያዩ ቤት አይከራዩ። የጉድጓድ ውሃ ካለ መጸዳጃው ከውሃው ወደ ታች በኩል፥ ቢያንስ 30 ሜትር የራቀ ሊሆን ይገባል። በ1978 ዓ.ም. በመንደር ምሥረታ ዘመቻ የአርሲ ገበሬዎች ተበታትነው ከኖሩበት ተነሥተው በአንድነት ሲሰፍሩ የኖሩ ሽማግሌዎች፥ ቤት ከቤት ሲቀራረብ የአንዱ ጉድጓድ የሌላው ጉዳይ እንደሚሆን ያውቁታል። የከተማ ግቢ ደግሞ ከዚያም ይጠብባል፤ አንዱን መጸዳጃ አምስት ተከራይ የሚካፈለው ከሆነ የጽዳቱን ተራ በመጀመሪያው ሳምንት መነጋገር ነው፤ ከዚያ በኋላ ጠብ ይሆናል። የእጅ መታጠቢያ ውሃና ሳሙናም ከደጃፉ አይጥፋ።

የመጨረሻው ነገር ወረቀት ነው። የሕፃናት የክትባት ካርድ በጓዝ መካከል ጠፍቶ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የኩፍኝ ክትባት ሁለተኛው መጠን በ15 ወር የሚሰጥ ስለ ሆነ፥ በዝውውር መካከል የሚረሳውም ብዙውን ጊዜ እርሱ ነው። የሳንባ ነቀርሳ፥ የስኳር፥ የሚጥል በሽታ ወይም ሌላ በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት ያለው ሰው ከሚለቀው ጤና ድርጅት የዝውውር ወረቀትና እስኪደላደል የሚበቃውን መድኃኒት ይዞ ይነሣ። ያ ወረቀት በአይሱዙው ላይ ከፍራሹ ሥር ሳይሆን በእናትየው የእጅ ቦርሳ ውስጥ ይጓዝ።