አገርን በአዋሳኝ ባሕሮቹ ለይቶ ማወቅ

ጽሑፍ የሌለበት ካርታ ለተማሪዎች ሲቀርብ አብዛኞቹ በቅድሚያ የሚመለከቱት የድንበር መስመሮችን ነው። የድንበር መስመር ግን ቀጭንና ጠማማ በመሆኑ በቀላሉ ከዓይን ያመልጣል፤ በየዘመኑም ይለወጣል። በአንጻሩ የባሕር ጠረፍ በሰው ዕድሜ ሲለካ እምብዛም አይለወጥም። ስለዚህ አንድን አገር በካርታ ላይ ለማግኘት ከባሕሩ መነሣት የበለጠ አስተማማኝ ነው።

ለምሳሌ ያህል ከ1985 ዓ.ም. በፊት የታተመ ካርታ ኢትዮጵያን እስከ ቀይ ባሕር አድርሶ ያሳያል። በዚያ ዓመት ኤርትራ ነጻ መንግሥት ስለሆነች ኢትዮጵያ የባሕር በር የሌላት አገር ሆናለች። በአሮጌው ካርታ ብቻ የተማረ ልጅ አዲሱን ሲያይ ግራ ይጋባል። የባሕሩን ቦታ አስቀድሞ ያወቀ ልጅ ግን የተለወጠው ድንበሩ እንጂ ባሕሩ አለመሆኑን ወዲያው ይረዳል።

አሠራሩ በሦስት ጥያቄዎች ላይ የተመሠረተ ነው። አንደኛ፥ አገሩን የሚያዋስነው ባሕር የትኛው ነው? ሁለተኛ፥ ባሕሩ በአገሩ በየትኛው አቅጣጫ ይገኛል? ሦስተኛ፥ አገሩን የሚነካው ሌላ ባሕር አለን?

ይህንኑ በቀይ ባሕር ላይ እንመልከት። ቀይ ባሕር ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የተዘረጋ ረጅምና ጠባብ ባሕር ነው። በሰሜን በኩል በ1862 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1869) የተከፈተው የስዊዝ ቦይ ከሜዲቴራኒያን ባሕር ጋር ያገናኘዋል። በደቡብ በኩል ደግሞ የባብ ኤል መንደብ ወሽመጥ፥ ማለትም ጠባቡ የባሕር መተላለፊያ፥ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ጋር ያገናኘዋል። የዚህ ወሽመጥ ስፋት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

አሁን የመጀመሪያውን ጥያቄ ስንጠይቅ ቀይ ባሕርን የሚነኩ አገሮች ስምንት ሆነው እናገኛቸዋለን። እነርሱም ግብፅ፥ ሱዳን፥ ኤርትራ፥ ጂቡቲ፥ የመን፥ ሳውዲ ዓረቢያ፥ እንዲሁም በዐቃባ ባሕረ ሰላጤ ጫፍ የሚገኙት ዮርዳኖስና እስራኤል ናቸው። ሁለተኛውን ጥያቄ ስንጨምር፥ ይኸውም ባሕሩ በአገሩ በስተምሥራቅ ነው ስንል፥ የሚቀሩት በአፍሪካ በኩል ያሉት አራቱ ብቻ ናቸው። በሦስተኛው ጥያቄ አገሩ የኤደን ባሕረ ሰላጤንም ይነካል ከተባለ ከአራቱ ጂቡቲ ብቻዋን ትቀራለች። የኤደን ባሕረ ሰላጤ በሜዲቴራኒያን ቢተካ ግን መልሱ ግብፅ ይሆናል። ስምንት የነበረው በሦስት እርምጃ አንድ ሆነ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ዘዴው የማይበቃበት ጊዜ አለ። ሱዳንና ኤርትራ ለሦስቱም ጥያቄዎች የሚሰጡት መልስ አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱን ለመለየት የጠረፉን ቅርጽ መመልከት ያስፈልጋል። የሱዳን ጠረፍ በግብፅና በኤርትራ መካከል ነው። የኤርትራ ግን እየጠበበ እስከ ባብ ኤል መንደብ አቅራቢያ ይወርዳል፤ ከምጽዋ ፊት ለፊትም የዳህላክ ደሴቶች ይታያሉ።

ሌላው ጥንቃቄ ስምን የሚመለከት ነው። «ባሕር» የሚባል ሁሉ ወደ ውቅያኖስ አያደርስም። ሙት ባሕርና ካስፒያን ባሕር በየብስ የተከበቡ ናቸው። ስለዚህ ተማሪው «መርከብ ከዚህ ተነሥቶ ወደ ውቅያኖስ መውጣት ይችላልን?» ብሎ ቢጠይቅ ከስሕተት ይድናል።

የባሕር በር የሌለው አገርስ እንዴት ይገኛል? በጎረቤቱ ባሕር በኩል ነው። ኢትዮጵያን ለማግኘት ጣትን በጂቡቲ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ አኑሮ ወደ ምዕራብ መሄድ ይበቃል። ይህም ለፈተና ብቻ የሚጠቅም አይደለም፤ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው ዕቃ አብዛኛው የሚያልፈው በዚሁ በጂቡቲ ወደብ ነውና። በ2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕርና በባብ ኤል መንደብ አካባቢ በንግድ መርከቦች ላይ ጥቃት ሲደርስ ብዙ መርከቦች የስዊዝን መንገድ ትተው የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ ለመዞር ተገደው ነበር። ካርታውን የሚያውቅ ተማሪ እንዲህ ያለውን ዜና ሲሰማ የመንገዱ መርዘም ለምን ጊዜና ወጪ እንደሚጨምር ራሱ ሊያስረዳ ይችላል።

በክፍል ውስጥ መምህሩ በጥቁር ሰሌዳው ላይ በመጀመሪያ ባሕሮቹን ብቻ በሰማያዊ ጠመኔ ቢሥል፥ ድንበሮቹንም ተማሪዎቹ ተራ በተራ እንዲጨምሩ ቢያደርግ ትምህርቱ በአእምሮ ይቀረጻል። ለመለማመጃ የሚከተሉት ሦስት ጥያቄዎች ቀርበዋል።

1. በሰሜን የኤደን ባሕረ ሰላጤ፥ በምሥራቅ የህንድ ውቅያኖስ የሚያዋስናት፥ ጠረፏም ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የአፍሪካ አገር ማን ናት?

2. በምዕራብ ቀይ ባሕር፥ በምሥራቅ የፋርስ ባሕረ ሰላጤ የሚያዋስናት አገር ማን ናት?

3. በምዕራብ ቀይ ባሕር፥ በደቡብ የኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚያዋስናት አገር ማን ናት?

መልስ፥ 1. ሶማሊያ፤ 2. ሳውዲ ዓረቢያ፤ 3. የመን።