ያውቁ ኖሯል? የኤስቲኤም ቁጥር በ3 ሲባዛ ኦሲ ይሆናል

የፋይበር መረጃ ማስተላለፊያ መስፈርቶች በሆኑት በሰሜን አሜሪካው ሶኔት (ፍጥነቱ በኦሲ የሚገለጽ) እና በአብዛኛው ዓለም በሚሠራበት ኤስዲኤች (ፍጥነቱ በኤስቲኤም የሚገለጽ) መካከል ፍጥነትን መለወጥ ግምት አይጠይቅም፤ የኤስቲኤሙን ቁጥር በ3 ማባዛት ይበቃል። ኦሲ-1 በሴኮንድ 51.84 ሜጋቢት ነው፤ ኤስቲኤም-1 ደግሞ ከኦሲ-3 ጋር እኩል፣ 155.52 ሜጋቢት። ይህ ቁጥር በዘፈቀደ አልተመረጠም። የኤስቲኤም-1 ፍሬም 9 ረድፍና 270 ዓምድ ባይት ይዞ በሴኮንድ 8,000 ጊዜ ይላካል፤ 8,000 የስልክ ድምፅ ወደ ዲጂታል ሲለወጥ በየሴኮንዱ የሚወሰደው ናሙና ብዛት ነው። 9ን፣ 270ን፣ የባይቱን 8 ቢትና 8,000ን ያባዙ፤ 155.52 ሚሊዮን ያገኛሉ።

ልወጣው እዚህ ላይ ካቆመ ግን ያሳስታል ባይ ነኝ። ከ270ው ዓምድ 10ሩ ለአውታሩ መቆጣጠሪያ ስለሚውሉ ለተጠቃሚው የሚተርፈው 149.76 ሜጋቢት ነው። ልዩነቱ 4 በመቶ እንኳ ስለማይሞላ ምን ያሳስባል የሚል ይኖራል፤ በዝቅተኛው ደረጃ እውነት አለው። በኤስቲኤም-64፣ ማለትም በኦሲ-192፣ ግን ከ9,953.28 ሜጋቢት ውስጥ 368.64ቱ ለመቆጣጠሪያና ለማሟያ ይሄዳል፤ ይህ ከሁለት ሙሉ የኤስቲኤም-1 መስመሮች ይበልጣል። ስለዚህ በተለምዶ «10 ጊጋ» በሚባለው መስመር ላይ አቅም የሚያቅድ መሐንዲስ ከ9,584.64 ሜጋቢት ሊነሣ ይገባል።